ከተረታው ጋር

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ እህቴ ነርስ ናት። የእናታችን ጆሮ ከደከመ ቆይቷል፤ ከንፈራችንን እያየች ነው የምትሰማን።

በወረርሽኙ ሁሉም ነገር ከተዘጋ ወዲህ ክፍሏ አንገባም። በየቀኑ ግቢው ውስጥ፣ መስኮቷ ሥር፣ ማስካችንን እንዳጠለቅን ተራርቀን ቆመን እንጨቃጨቃለን።

«ሱቄ ከታሸገ ሦስት ወሩ! ልጆቼን ምላጭ ላብላቸው?» እላለሁ።

«ዛሬ ብቻ አራት ሰው እጄ ላይ ሞተ። ይከፈት የምትል ከሆነ ና፣ አንተው ገንዛቸው!»

«ሐኪም ቤት እንዳይሄዱ ተከልክለው ቤታቸው የሞቱትንስ ማን ቆጠራቸው?»

«እኔ ለእማዬ ብዬ ነው!» ትላለች፣ ጣቷን ወደ መስኮቱ ቀስራ።

«እኔስ ለማን ብዬ ነው?» እላለሁ፣ እኔም ቀስሬ።

እናታችን ከመስታወቱ ጀርባ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ታያለች።

ትናንት ጠዋት ስንመጣ ጫማዋን አድርጋ፣ ልብሷን በሻርፕ ቋጥራ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል።

«በቃ፣ ልጆቼ» አለችን። «ማን ይውሰዳት እያላችሁ በኔ አትጣሉ። የተረታው ማነው? ከሱ ጋር እሄዳለሁ።»