የሻገተው አውራ ጣት

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ የአንዲት አሮጊት የእግር ጥፍር የዘር ነውር የሚሆነው በየትኛው አገር ነው? በዚሁ በፍኖተ ሰላም ነው፣ ሌላ የት ሊሆን፣ ትላለች ሥርጉት በሆዷ፣ ሐረር ስታስተምር አርጅታ፣ ያልገለጠችው መጽሐፍ ሳይኖር፣ ወንድሟ ቤት ተመልሳ የመጣችው ለዚህ ኖሯል፣ ጸሎተ ሐሙስ ነው፣ ቄሱ ጎንበስ ብለው የምእመናኑን እግር በወይራ ቅጠል እያጠቡ ወደ ሴቶቹ ተራ ደርሰዋል፣ ሁሉም ባዶ እግሩን ነው፣ እሷ ብቻ ጫማዋን እንዳደረገች ቅጽሩን ተደግፋ ቆማለች። አላወልቅም።

ቀኝ አውራ ጣቷ። ቢጫ፣ ጠርዙ የጠቆረ፣ እንደ አሮጌ ቀንድ የወፈረ። ቡሬ፣ በወንድሜ በደረሰ የበርበሬ ማሳ ውስጥ ነው የጀመረው፣ ላግዘው ብዬ፣ ማን ኮትኩች አለሽ አንቺ ሴትዮ፣ ዶማው ጥፍሬን አገኘው፣ አፈሩ ገባ፣ ከአፈሩ ጋር ሻጋታው። ክሊኒክ ሄድኩ፣ የተለመደው ፈንገስ ነው እማማ፣ ይህን ክኒን ይዋጡ፣ ዋጥኩ፣ ክረምቱ አለፈ፣ ጨጓራዬ ተላጠ፣ ጥፍሩ ንቅንቅ የለም። ከጥፍሬ ፍቀው ላቦራቶሪ ባቆዩት ላይ ሻጋታ በቅሎ ነበር እኮ፣ ባለሙያው ይሄ ከአየር የገባ ብናኝ ነው ብሎ ጣለው። ጣለው! ያነበብኩትን ነገርኩት፣ ከአፈርና ከእህል የሚመጣ፣ ብዙ የማይገጥም፣ ክኒናችሁን የማይፈራ ሻጋታ አለ አልኩት፣ እማማ፣ ጎግል አያብዙ አለኝ፣ ሳቀ።

አልጣሽ ደግሞ፣ የወንድሟ ሚስት፣ የራሷ ሕክምና አላት። ኅዳር ላይ ሽማግሌዎች ልጇን ሜላትን ለአንድ የሽንዲ ልጅ ሊጠይቁ ሲመጡ፣ እትዬ ሥርጉት፣ በክፉ አይዩብኝ፣ ሰው እግርዎን አይቶ ቁምጥና ነው ቢል፣ የሚጠየቀው የልጅቱ ዘር አይደል፣ ትንሽ ጓዳ ይቆዩልኝ። ገባች። ሳይደርቅ የተከመረው በቆሎ ሥር፣ ሻጋታ ከሻጋታ ጋር። በግድግዳው ይሰማታል፣ አቶ ደረሰ፣ ከሐረር የመጡት እህትዎስ? ወንድሟ አፉን ሳይከፍት አልጣሽ ቀደመች፣ ዘመድ ጥየቃ መራዊ ሄደዋል፣ የዚያን ጊዜ መጣብኝ፣ የበቆሎው አቧራ፣ ያዝኩት፣ አፍንጫዬን ጨመቅሁት፣ አስነጠስኩ። ሽማግሌዎቹ ጠላውን ሳይጨርሱ ተነሡ። መልሱ በሰው መጣ፣ የሚደበቅ ሰው ካለ የሚደበቅ ዘር አለ።

እና አሁን ባሕር ዳር ሁለት ጊዜ ተፍቆ ሁለቴም ያው ሻጋታ በቀለ፣ ብናኝም አይደለ፣ ቁምጥናም አይደለ፣ ጥፍሩን አለስልሰን እናነሳዋለን፣ በሌላ መድኃኒት እናክመዋለን፣ ዓመት ይፈጃል አለች ሐኪሟ፣ እሺ፣ ዓመት። አልጣሽ ይህን ሰማችና ዛሬ እግሬን ፈለገችው፣ የልጁ እናት ከሽንዲ መጥተዋል፣ ፅዱ ሥር ናቸው፣ እትዬ፣ ያውልቁ፣ ቄሱ ሲያጥቡት እሳቸው ይዩት፣ ክንዷን ይዛ ትጎትታታለች፣ ያኔ ደብቂ፣ ዛሬ አሳዪ፣ እግሬ የገበያ ዶሮ ነው?

ሜላት ዓይኗ አብጧል። አክስቴ፣ ካልፈለጉ ይተዉት፣ እሱ እንደሆነ ብሎክ አድርጎኛል። እንዲህ ትልና ዓይኗ ወደ ፅዱ ይሄዳል። ይህችስ ምን አጠፋች።

ታወልቃለች። ለአልጣሽ አይደለም። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፣ ሴቶቹ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ ቄሱ ጣቷን አይተው አፍታ ይቆማሉ፣ ምን አገኘዎት እናቴ፣ ዶማ ነው አባ፣ ዶማና ሻጋታ፣ ጮክ ብላ፣ እስከ ፅዱ እንዲሰማ። አይ ሻጋታ፣ የኛንም በቆሎ ፈጀው፣ ይላሉ፣ ውኃው ይፈስሳል፣ ቅጠሉ ጥፍሩ ላይ ያልፋል። የልጁ እናት አይተዋል። ሰምተዋል። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ይሄዳሉ፣ ዞረው አያዩም። ይኸው ነው? ይኸው ነው።

አልጣሽ ሥርጉት ጉልበት ላይ ወድቃለች፣ እትዬ፣ ነገ ስቅለት ነው፣ ይቅር ለእግዜር ይበሉኝ። ዙሪያው መልሱን ይጠብቃል፣ መልሱን ሕፃን ያውቀዋል፣ ሥርጉት ሐኪሟ ደርቆ ይዋል ያለችውን እግር ከነእርጥበቱ ጫማው ውስጥ ትከታለች፣ አልጣሽን፣ ዝም ያለውን ደረሰን፣ የሽንዲዎቹን፣ ብናኝ ነው ብሎ የጣለውን፣ ጓዳ ግቢ ሲሏት እሺ ያለችውንም አሮጊት፣

አልልም። ማንንም ይቅር አልልም።