የበረንዳ እንቅልፍ

ቶርዲስ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ልጆችን ብርድ ላይ ስታስተኛ ኖራለች። በኖርዌይ፣ ትሮንድሄም ከተማ ኮረብታ ላይ ባለ አንድ መዋዕለ ሕፃናት፣ ከምሳ በኋላ አሥራ አራት የሕፃን ጋሪ ከታዛው ሥር እንደ አገሩ ልማድ በሰልፍ ታቆም ነበር። በየጋሪው ውስጥ በሱፍ የተጠቀለለ ልጅ አለ፤ ከአፍንጫው ጫፍ በቀር የሚታይ ነገር የለውም። በረዶው ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ልጆቹም ዝም ብለው ይተኛሉ። ጡረታ ከወጣች አራት ዓመት ሆናት፤ ዛሬም ግን ከምሳ በኋላ ጆሮዋ ሳታስበው ወደ ውጪ ይቀሰራል።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ቤት እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ትግባ? ነገሩ ሲታሰብ ስድብ ይመስላል።

ልጅቷ ዊዲያ ትባላለች። ከኢንዶኔዥያ፣ ከማካሳር ከተማ፣ በተማሪዎች ልውውጥ እስከ ሰኔ ለሚዘልቅ አንድ መንፈቅ የመጣች የመርከብ ምህንድስና ተማሪ ናት። ዕድሉን ለማግኘት ሁለት ዓመት ተወዳድራለች። ከገና በኋላ መጥታ የቶርዲስን የፎቅ ክፍል ተከራየች። ከዚያች ቀን ጀምሮ፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ፣ በቀን ሁለት ሰዓት ከተኛች ትልቅ ነገር ነው። ሐኪሙ ኪኒን ሰጣት፤ ኪኒኑ አፏን አደረቀው እንጂ ዓይኗን አልከደነውም። ክፍል ውስጥ ቁጥሮቹ ከሰሌዳው ላይ እየተነሱ ይንሳፈፉባታል። አንድ ቀን ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ ቁጭ እንዳለች ከተማዋን ሦስት ጊዜ ዞረች፤ የት እንደምትወርድ ጠፍቷት። ቶርዲስ የምር የፈራችው ያን ቀን ነው።

አባቷ ሩስሊ በየቀኑ ይደውላሉ። የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው፤ ረጋ ያሉ ሰው። ባለፈው ሳምንት ግን ድምፃቸው ተለወጠ፤ “ትምህርቱ ይቅርብኝ፣ ልጄን መልሱልኝ” አሉና የዓርብ ቲኬት ቆረጡ። መንፈቁን ጥሎ የሄደ ተማሪ ተመልሶ አይመጣም፤ ዊዲያ ይህን ታውቃለች። የአየር ማረፊያው አውቶቡስ ከቁልቁለቱ ግርጌ ዓርብ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ይነሳል።

ዓርብ ጠዋት ዊዲያ ሻንጣዋን እየጎተተች ወረደች። ዓይኖቿ ጉድጓድ ገብተዋል።

“ትንሽ እንኳ አልተኛሽም?”

“አልተኛሁም እማማ ቶርዲስ። ይቅርታ።”

“ይቅርታው ለምንድን ነው? የኔን እንቅልፍ ነው እንዴ የሰረቅሽው?”

ዊዲያ ለሁሉም ነገር ይቅርታ ትላለች። በር ስትዘጋ ይቅርታ፣ ሻይ ስታፈላ ይቅርታ፣ ደረጃው ከሥሯ ሲንቋቋ ደረጃውንም ይቅርታ የምትል ይመስላል። ቶርዲስ ስንት ተማሪ አሳድራለች፤ ቁልፍ ተቀብለው፣ በር ዘግተው፣ ቁልፍ መልሰው የሄዱ። ይህችኛዋ ግን ሰሃን ስታጥብ ታንጎራጉራለች። ቶርዲስ ልጅቷን ወድዳታለች፤ ሌላ ምንም አይደለም። እንድትሄድባት አልፈለገችም።

“እስኪ ንገሪኝ፤ ስትጋደሚ ምን ይሰማሻል?”

“ምንም። ችግሩ እሱ ነው” አለች ዊዲያ። “እኛ ቤት አራት እህትማማቾች አንድ ክፍል ነው የምንተኛው። ከግድግዳው ወዲያ አጎቴ ጀልባ ይሠራል፤ ሲመታ፣ ሲልግ ይሰማኛል። የሆነ ሰው ሁልጊዜ ነቅቶ እየሠራ ነው፤ ስለዚህ እኔ እተኛለሁ። እዚህ ግን በሩን ስዘጋው ዓለም ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ይመስለኛል። እናም ነቅቼ እጠብቃለሁ።”

ቶርዲስ መስኮቱን አየችው። ባለ ሦስት ድርብ መስታወት ነው፤ ነፍሱን ይማረውና ባሏ ዝንብ እንኳ አይሰማበትም እያለ ይኮራበት ነበር። እሷ ደግሞ ሰባት ሳምንት ሙሉ ጥቁር መጋረጃ ስትደርብ፣ ሬዲዮ ስትዘጋ፣ በካልሲ ስትራመድ! “አንቺ ደደብ አሮጊት!” አለች ራሷን፣ ጮክ ብላ። ከዚያ ሳጥኗን ከፍታ የሱፍ ሹራብ፣ የሱፍ ሱሪ፣ ብርድ ልብስና ትልቅ የበግ አጎዛ ይዛ መጣች።

“ልበሺ።”

“ወዴት ልንሄድ?”

“የትም። በረንዳ ላይ ትተኛለሽ።”

“ከዜሮ በታች ስምንት እኮ ነው!”

“ሕፃናት በአሥርም ይተኛሉ።”

“እኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው!”

“ታዲያ ዘግይተሻል። ልበሺ ብያለሁ!”

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ዊዲያ በረንዳው ላይ፣ አጎዛው ላይ፣ ከሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ሥር ነበረች። ጎረቤትየው ኦድቫር ከደጁ በረዶ እየዛቀ ቀና አለ።

“አንቺ ቶርዲስ! ልጅቷን እንደ ዓሣ አንጠልጥለሽ ልታደርቂያት ነው?”

“ሥራህን ሥራ አንተ!”

አካፋው ቀጠለ። ቸርርር ይልና ዱብ፤ ቸርርር ይልና ዱብ። ነፋስ የለም። ፀሐይዋ ፊዮርድ ከሚሉት የባሕር ወሽመጥ ወዲያ ዝቅ ብላ በረዶውን ሁሉ ሐምራዊ አድርጋዋለች፤ ቅንጣቶቹ ለመውረድም ለመቆየትም ያልወሰኑ ይመስል አየሩ ላይ ይዋልላሉ። ሩቅ የከተማው ባቡር ደወለ። አንዲት እናት ልጇን በበረዶ መንሸራተቻ ላይ አስቀምጣ እየጎተተች አለፈች። ዊዲያ አንዴ ዓይኗን ገልጣ ኦድቫርን አየችው፣ ከደነችው፣ እንደገና ገለጠችው። ቸርርር፣ ዱብ። ከዚያ በኋላ አልገለጠችውም።

ቶርዲስ ከበሩ መቃን ጋር ተለጥፋ ቆመች። ትንፋሹን ታውቀዋለች፤ ከሺህ ሕፃን ላይ ሰምታዋለች። ይህ የማስመሰል አይደለም።

አካፋው ቆመ።

የዊዲያ የዓይን ቆብ ርገብገብ አለ። ቶርዲስ በነጠላ ጫማ በረዶውን አቋርጣ ሮጠች።

“አታቁም!”

“ጨረስኩ እኮ። መሬቱ ታየ።”

“እንግዲያስ መልሰህ በትነውና እንደገና ዛቀው።”

“አብደሻል እንዴ አንቺ ሴትዮ?”

“ኦድቫር፣ ልጅቷ ተኝታለች።”

ኦድቫር ወደ በረንዳው አየ። ሻንጣውንም፣ ሰባቱንም ሳምንት ያውቃል። ከቆለለው በረዶ በአካፋው አንስቶ የጠረገው መንገድ ላይ በጥንቃቄ በተነውና እንደገና መዛቅ ጀመረ። አላፊ አግዳሚው እየዞረ ያየዋል። እሱ ቀጠለ።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ተኩል ሆነ። መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ቢሆን የተኛ ልጅ አይነካም፤ የቸኮለች እናት ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ይህች ግን ቲኬት የተቆረጠላት፣ አባት የሚጠብቃት ትልቅ ሰው ናት። ደግሞም ቶርዲስ ልቧን መረመረችው፤ እንድትቀር የምትፈልገው እሷ ናት። በራሷ ፍላጎት የሰው ልጅ ማስቀረት ሌብነት መሰላት። እየመረራት ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ነካች።

“ዊዲያ። ሰባት ተኩል ሆኗል። አውቶቡሱ በስምንት ነው።”

አንድ ዓይን ተከፈተ፤ በቁጣ ቀልቷል።

“ምን ዓይነት ሰው ነዎት እርስዎ! የተኛ ሰው ይቀሰቅሳሉ? ስንት ጊዜ የጠበቅኩትን! ይተዉኝ፣ አልሄድም አልኩ!” ብላ ብርድ ልብሱን እላይዋ ላይ ጎትታ ተገላበጠች። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። ወዲያው ትንፋሿ ከበደ።

ቶርዲስ ቆማ ቀረች። እንዲህ ደስ የሚል ስድብ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም።

አውቶቡሱ መጣ፣ ትንሽ ቆመ፣ ሄደ። የሰው ልጅ አስቀርታ፣ አሁን ምን ልትል ነው? ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የዊዲያ ስልክ ጮኸ።

“ዊዲያ፣ ተሳፈርሽ ልጄ?”

“ቶርዲስ ነኝ፣ አቶ ሩስሊ። አልተሳፈረችም።”

“ምን ሆነችብኝ?”

“ተኝታለች።”

“እውነትዎን ነው?”

ቶርዲስ ስልኩን ይዛ ወደ በረንዳው ወጣችና ከብርድ ልብሱ ጫፍ አስጠጋችው። ዊዲያ ታንኮራፋለች፤ በሰፊው፣ ያለ ሐፍረት። ከኋላዋ የኦድቫር አካፋ ይሰማል። ቶርዲስ እጇ እስኪደነዝዝ ድረስ ያዘችውና ወደ ጆሮዋ መለሰችው።

“ታንኮራፋለች” አሉ አባትየው፤ እያለቀሱ ነበር። “ትንሽ ልጅ እያለች እንዲህ ነበረች።”

ቶርዲስ የቲኬቱን ወቀሳ ጠበቀች። አልመጣም።

“እየተራገጠች ትገልጠዋለች” አሉ። “እስኪ እግሯን ይዩልኝ።”

አየችው። አንድ እግር ከነቀይ ካልሲው በረዶው ላይ ወጥቷል። አንስታ ከተተችው፣ ብርድ ልብሱንም ከሥር ጠቀጠቀችው።

“ሸፍኜዋለሁ።”

“እንግዲያስ” አሉ ሩስሊ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጅቷን እንዳይቀሰቅሱ የፈሩ ይመስል፣ “እስከ ሰኔ አደራዎን።”