ሳይገለበጥ የተሠራ ስልክ

ታላቅ እህቴ እትዬ ስልኳን በሻሽ ጠቅልላ ሱቄ ድረስ ስታመጣው መስታወቱ እንክትክት ብሎ ነበር። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከእጇ አምልጧት ነው። ሌላ ደንበኛ ቢሆን "ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ ይደርስልሃል" ብዬ እሸኘው ነበር። እሷ ግን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አላስቀመጠችም። ደረቷ ላይ እንዳቀፈችው፣ ዓይኗን ጥግ ላይ ካለው ጥቁር ሣጥን ላይ ተክላ ቆመች።

"ይሄ ነገር የግድ ነው?" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

የግድ ነው። አውቶቡስ መናኸሪያው ላይ ቦምብ ከፈነዳ ወዲህ ማንኛውም ስልክ ጠጋኝ ስልክ ከመክፈቱ በፊት ከሣጥኑ ጋር በገመድ ማገናኘት አለበት። ሣጥኑ መልእክቱንም ፎቶውንም ገልብጦ ለጸጥታ ቢሮ ይልካል። እኛ ጠጋኞች "አማች" ብለን ነው የምንጠራው፤ ተከብሮ ይቀመጣል፣ ሁሉን ያያል፣ ውጣ አይባልም። መጀመሪያ ሲያመጡት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ውሸት ምን ያደርጋል። በዚያ ፍንዳታ የሱቄ መስኮት ረግፏል፤ ከጎኔ ጫማ የሚሸጠው ሰውዬ እግሩን አጥቷል። እኔ ራሴ በር በኃይል በተዘጋ ቁጥር ጠረጴዛ ስር እገባ ነበር። ገዳዮቹን የሚይዝልኝ ከሆነ እንኳን ሣጥን፣ ዝሆንም ሱቄ ውስጥ ቢያስሩብኝ እሺ ባይ ነበርኩ።

"ምነው፣ የምትደብቂው ነገር አለ እንዴ?" አልኳት ለቀልድ።

አልሳቀችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "የቁስሌ ፎቶ አለበት" አለችኝ።

እትዬ ባለፈው ክረምት አንድ ጡቷን በቀዶ ጥገና አውጥተውላታል። ሐኪሟ ያለው ሌላ ከተማ ስለሆነ በየሳምንቱ ጠባሳውን ፎቶ አንስታ እንድትልክለት አዟታል። በሽታው ከተመለሰ መጀመሪያ የሚታየው እዚያው ላይ ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበት ትድናለች፣ ካልተደረሰበት ግን አለቀ። ስለዚህ የመታጠቢያ ቤቱን በር ቆልፋ ራሷን ፎቶ ታነሳለች። ባሏ እንኳ አላየውም። ልብሷን የምትቀይረው መብራት አጥፍታ ነው።

"ሐኪሙ ይየው፣ ሐኪም ነው። እነዚያ ግን ምኔ ናቸው?" አለች እንደገና በጆሮዬ።

ደሜ ፈላ። እኔ ስናደድ አላስብም፤ እናታችን "የዚህ ልጅ ጭንቅላት የሚሠራው ነገሩን ካበላሸ በኋላ ነው" ትል ነበር። "ሂጂ፣ እሁድ ቤት መጥቼ እሠራልሻለሁ" አልኳትና ከመሳቢያው አዲስ ስክሪን አውጥቼ ኮት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጬ ቀየርኩላት። ልጆቿ ግቢ ውስጥ ኳስ ይጫወታሉ፤ እሷ በሩን ተደግፋ ትጠብቃለች። ስልኩ ሲበራ ሳላየው ፊቱን ደፍቼ ሰጠኋት። "እጅህ ይባረክ" ብላ ግንባሬን ሳመችኝ፤ እኔም ጀግና የሆንኩ መሰለኝ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሁለት ሰዎች ሱቅ መጡ። "ጋሼ፣ ለትንሽ ጊዜ ይፈለጋሉ" አሉኝ። ትሕትናቸው አስፈራኝ። የሱቁን በር ስቆልፍ አንደኛው መዝጊያውን ይዞ አገዘኝ።

የወሰዱኝ ክፍል ውስጥ ሹራብ የለበሰ ወጣት መርማሪ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ። ያየሁት ራሴን ነው። እትዬ በጆሮዬ ስትንሾካሾክ፣ እኔ ደግሞ ስክሪኑን ኪሴ ስከት። ከሣጥኑ ጋር አምጥተው ከመደርደሪያዬ በላይ የሰቀሉት ካሜራ ነው የቀረጸን። እንዴት ረሳሁት? በየጠዋቱ አቧራውን የምጠርግለት እኔው ነኝ! ከመልመዴ የተነሳ እንደ ግድግዳው ቆጥሬዋለሁ።

"እኚህ ሴት ምን አሉዎት?" አለኝ።

"እህቴ ናት። የቤተሰብ ጉዳይ ነው።"

"የቤተሰብ ጉዳይ ከሆነ ሣጥኑን ለምን ፈሩት?"

ብናገር ምስጢሯን ማውጣቴ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ የገዳዮቹን ምስጢር የደበቅሁ ልመስል ነው። "የሴት ነገር ነው፣ የሕክምና" አልኩ በመጨረሻ።

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት" አለ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። "ጋሼ፣ ጓደኛዬ መናኸሪያው ላይ ነው የሞተው።" እንደማይዋሽ ዓይኑ ላይ አየሁ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ እጠላው ነበር።

በሩ ተከፈተና እትዬን አስገቧት። የቤት ነጠላ ጫማዋን እንደተጫማች ነው ያመጧት። ስልኳ በላስቲክ ተደርጎ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። መርማሪው ሕጉን አስረዳን፤ ስልኩን አልከፍትም ካለች ምርመራው እስኪያልቅ ሁለታችንም እንታሰራለን። መቼ እንደሚያልቅ ስጠይቀው ሕጉ እሱን አይናገርም አለኝ።

"እትዬ፣ እንዳትከፍቺ! ከፈለጉ ይሰሩኝ!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ግን ከፍርሃት የተነሳ ቀጥኖ የሌላ ሰው መሰለኝ።

"ዝም በል አንተ። ልጆች አሉህ" አለችኝ።

አውራ ጣቷን ስልኩ ላይ አሳረፈች። ጣቷ እርጥብ ስለሆነ እንቢ አላት፤ በቀሚሷ ጠርጋ እንደገና ሞከረች። ተከፈተላትና ለመርማሪው አቀበለችው። "እይ ልጄ። ሌላ ነገር የለውም።"

አየ። ጆሮው ድረስ ቀላና ስልኩን ደፋው። "ይቅርታ እናቴ" አለ። አቤት፣ ያኔ እፎይ ያልኩት! ተርፈናል ብዬ ልነሳ ስል እስካሁን አንዲት ቃል ያልተነፈሰው፣ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው አለቃው "አገናኘው" አለ።

"ጌታዬ፣ ምንም የለውም እኮ። የሕመም ፎቶ ነው።"

"ምንም ከሌለው ቢገለበጥ ምን ይጎዳቸዋል? አገናኘው።"

ወጣቱ ገመዱን ሰካ። እነሱም ጥግ ላይ አማች አላቸው፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። እትዬ ሙሉ ልብሷን ለብሳ ሳለ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ጎበጠች። እኔም፣ መርማሪውም፣ መሬት መሬት አየን። መብራቱ ሲቆም አለቃው ስልኳን መልሶላት፣ ስለ ትብብራችን አመስግኖ ጨበጠን።

መንገድ ላይ ብዙ ከሄድን በኋላ "የት ነው የሚያስቀምጡት?" አለችኝ።

"አላውቅም እትዬ።"

"ያጠፉታል?"

ልዋሻት አፌን ከፈትኩ። አልሆነልኝም።

ስልኳ ጮኸ። ቆም ብላ ስታነበው በትከሻዋ በኩል አየሁት፤ ሐኪሙ ነው። "የዚህ ሳምንት ፎቶ አልደረሰኝም። የቀላችው ቦታ ሰፍታለች? ዛሬውኑ ላኪልኝ" ይላል።

"የቀላ ቦታ አለ እንዴ? እትዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?" ክንዷን ያዝኩ። "አሁኑኑ ቤት እንሂድና አንሺው። ወይ እኔ ይዤሽ ልሂድ፣ ነገ አብረን እንሂድ፣ በናትሽ!"

ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች። "ከእንግዲህ ማንም ፊት ልብሴን አላወልቅም" አለች። ከዚያም በአውራ ጣቷ "ድኛለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ጻፈችና ላከችለት።