ጀልባ ላይ የበቀለ ሽንኩርት

ልጆቼ፣ የኛ ወንዝ ጠባዩ ከተለወጠ ቆይቷል። በበጋ ጉልበት አይደርስም፤ ሲመጣ ደግሞ ደጃፍ ድረስ ነው። ጎረቤቴ ጀልበኛው ሰው ማሻገሩን ትቶ ነበር፤ ጀልባዋም ደጁ ላይ ቆማለች። ሚስቱ በዳርቻው የምታለማውን የሽንኩርት ችግኝ ሁለት ዓመት በተከታታይ ጎርፍ ጠርጎባታል። የቀራት አንድ ኩባያ ዘር ነበር፤ ያ ከሄደ ሌላ የላትም።

አንድ ቀን ጀልባዋን አፈርና ፍግ ሞልታ ዘሯን እዚያ ዘራች። «ውሃ ሲመጣ አብሮ ይነሳል፣ ጋሼ» አለችኝ።

ባልየው ሲያይ ደሙ ፈላ። «ጀልባዬን ጓሮ አደረግሻት?»

«የዶሮ ማደሪያ ከሆነች ስንት ጊዜዋ! እኔ ሾምኳት እንጂ።»

ሦስት ሳምንት ተኳረፉ። ችግኙ ምን ገዶት፣ ጣት አከለ።

አንድ ማለዳ ወንዙ ሞላ፤ ሁላችንም ከብታችንን ይዘን ጉብታው ላይ ወጣን። ጀልባዋ ከመሬቱ ስትነሳ እልል አልን። እልልታው ሳያልቅ የታሰረችበት ገመድ አፍንጫዋን ወደ ታች ጎተተው፤ ውሃ በጠርዟ መግባት ጀመረ።

«ገመዱ ስንት ክንድ ነው?» አለ ጀልበኛው፤ ከኩርፊያው ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

«ሁለት። ከደጃችን ዛፍ ግንድ ስር አጥብቄ አሰርኳት። እንዳትሄድብኝ ብዬ!»

ላም እንዲህ ነው የምትታሰረው፤ ካስረዘሙላት የሰው ማሳ ትገባለች። እኛም ስታስር አይተን «ጎበዝ» ብለናታል።

«አይ አንቺ ሴት! ወንዝ እኮ ቁመት አለው!» አለና ወደ እኔ ዞረ። «ጋሼ፣ የበሬዎን ገመድ ይስጡኝ!»

ልብሱን ሳያወልቅ ገባ። ውሃው ደረቱ ደረሰ። ረጅሙን ገመድ ጀልባዋና ግንዱ ላይ አስሮ አጭሩን በቢላ ሲቆርጠው፣ ጀልባዋ ቀና አለች። ከዚያ የገባውን ውሃ በእጁ ይጨልፍ ጀመር።

«ቀስ በል፣ ስሩን ትነቅለዋለህ!» ጮኸች ሚስቱ።

«እዚህም ታዢኛለሽ?» አለ፤ እጁ ግን ቀስ አለ።

በአራተኛው ቀን ውሃው ጎደለ። በአፍንጫዋ በኩል ያለው ችግኝ ታጥቦ ሄዷል፤ ከግማሽ በላይ ግን ተርፎ ነበርና በደለሉ ላይ አዛወሩት። እሷ ትተክላለች፣ እሱ ያቀብላል።

እኔም አሮጌ ጀልባ ስለነበረኝ ምክር ልጠይቃቸው ሄድኩ።

«የአፈሩን እሷን ይጠይቋት» አለኝ ጀልበኛው። «ገመዱን ግን ማንም እንዳይነካው፤ እኔው መጥቼ አስርልዎታለሁ።»