የወይዘሮ ትርንጎ ወፍጮና የአቶ ልሳነወርቅ ልኬት

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ የሰው ልጅ ከአፈር የተበጀና ወደ አፈር የሚመለስ ደካማ ፍጡር ሆኖ ሳለ፣ በእጁ ያለውን መሣሪያ በጥቂቱ ባሻሻለ ቁጥር ፍጥረትን ሁሉ ያስተካከለ እየመሰለው ይታበያል፤ ይህም ደዌ መኰንንን ከወታደር፣ ሊቅን ከጨዋ ሳይለይ የሚይዝ ስለ ሆነ፣ በደሴ ከተማ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ በጠባብ ቶርኖ ቤት ብረት እየቀረጹ የሚኖሩትን አቶ ልሳነወርቅን ቢይዛቸው ምን ይደንቃል!

እኒህ ሰው ቁመናቸው ያማረ፣ አነጋገራቸው የሠመረ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ቤታቸው የቀዘቀዘባቸው ነበሩ። የወፍጮ ቤት ባለቤት የነበሩትን መበለት ወይዘሮ ትርንጎን ክፉኛ ስለ ወደዱ፣ አንድ ቀን እንደ ምንም ደፍረው የልባቸውን ቢናገሩ፣ ወይዘሮዋ የሚያቃስተውን ወፍጮአቸውን አሳይተው፣ «ይህ ጉድ እየጮኸ ሰው የሚለኝን የት እሰማለሁ? ድንጋዩን የሚያዞረው ዘንግ አርጅቷል፤ አስፈትቼ ልስጥዎና በእሱ ልክ አዲስ ይሥሩልኝ። ወፍጮዬ ዝም ያለ ዕለት ሽማግሌ ይላኩ» አሏቸው።

የአቶ ልሳነወርቅ ቶርኖ ግን ትንሽና አሮጌ፣ ብረት በነካች ቁጥር የምትንቀጠቀጥ ነበረች። «በዚች መንቀጥቀጥ ትዳር አይገኝም!» ብለው ታጥቀው ተነሡ። የተሰበረ የግድግዳ ሰዓት መርፌ ከጃንጥላ ሽቦ ጋር አጋጥመው የጠጉርን ውፍረት የሚለይ መለኪያ አበጁ፤ ረጅም ብረት ሲሽከረከር እንዳይርገበገብ የሚደግፉ የነሐስ ጣቶች አቆሙ፤ በመጨረሻም፣ ወዮ ለዚያ መጨረሻ! አንዱ ጫፍ አሮጌውን ዘንግ ሲዳስስ ሌላው ጫፍ መቁረጫውን በዚያው ፈለግ የሚመራ ክንድ ፈለሰፉ። አዲሱን ዘንግ ከአሮጌው ጋር ቢያመሳክሩት መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። «ሰሎሞን መቅደሱን ሲያሠራ እንኳ እንዲህ ያለ መለኪያ አላገኘም» እያሉ በሰፈሩ ሁሉ አወሩ፤ ደስታው ስላሰከራቸውም ወፍጮው ሳይሞከር ሽማግሌዎቹን ጠሩ።

ዘንጉ ገብቶ፣ ሽማግሌዎቹ ነጭ ለብሰው በወፍጮ ቤቱ በረንዳ በተርታ ተቀምጠው ሳለ ሞተሩ ተነሣ። እግዚኦ! ወፍጮው ያንኑ የድሮ ጩኸቱን፣ መሐል ላይ ያለችውን ስቅታ እንኳ ሳያስቀር አሰማ። ያ ታማኝ ክንድ ዘመን የፈጀውን፣ የተበላውንና የጎደጎደውን ሁሉ አንድም ሳያጎድል ገልብጦት ኖሯል! አንጋፋው ሽማግሌ ግን የመጡበትን አልረሱምና ተነሥተው፣ «ልጃችን ልሳነወርቅ በጨዋ ደንብ…» ብለው ቢጀምሩ ጎናቸው የተቀመጡት እንኳ አልሰሟቸውም፤ ደም ሥራቸው እስኪገተር ጮኹ፣ ሳል ያዛቸው፣ ተቀመጡ።

የዚያ ክንድ ዝና ከወይዘሮዋ ጆሮ ደርሶ ነበርና ወደ አቶ ልሳነወርቅ ጠጋ ብለው፣ «ልኩን ይውሰዱ አልኩ እንጂ በሽታውንም ይቅዱ አልኩዎት?» ብለው ጮኹ።

አቶ ልሳነወርቅ ላብ አጠመቃቸው። ኀፍረቱ አንገበገባቸው፤ ከሁሉ ይልቅ ግን እኒህን ሴት ማጣት አስፈራቸው። በዕድሜያቸው ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቀውን ቃል፣ በቀስታ እንዳይሉት ወፍጮው ስለ ከለከላቸው፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ «ተሳስቻለሁ! እመቤቴ፣ ተሳስቻለሁ!» ብለው ጮኹት።

ወይዘሮ ትርንጎ ሳቃቸውን መግታት አቃታቸው፤ ሄደውም ሞተሩን በገዛ እጃቸው አጠፉት። ጸጥ አለ።

«ይኸው ወፍጮዬ ዝም ብሏል» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ዘንጉን ነገ እንደገና ይሠሩታል፤ የብረት ጉድለት እንኳ ያልናቀ ሰው የእኔንም አይንቅም። በሉ አባቶቼ፣ አሁን ተናገሩ፤ እሰማለሁ።»

ብረት ከብረት የሚገጥመው ልኩ ሲጠበቅ ነው፤ ሰው ከሰው የሚገጥመው ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ከልኩ የጎደለውን ጥቂት ይቅር ሲባባል ነው።