ለቤተሰብ የሚነገረው

ልብስ ሰፊዋ ነገር የሸተታት፣ ያቺ ነዝናዛ ደንበኛዋ «ቀሚሱ ሲመችሽ ይድረስ፣ አትቸኩይ» ያለቻት ቀን ነው። ሴትዮዋ እኮ ጨርቁ ገና ሳይቆረጥ በር ላይ ቆማ «አላለቀም?» የምትል፣ ለአንድ ቁልፍ አስሬ የምትመላለስ ናት። «እሷ ደግ ከሆነችማ እኔ አብቅቶልኛል» ብላ ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች።

የማህፀን ካንሰር ቀዶ ጥገና ካደረገች ወዲህ ሰው ሁሉ ተለውጦባታል። አከራይዋ ደረጃው ላይ ሲያገኛት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ያሳልፋታል። ዓመት ሙሉ አኩርፋት የነበረችው የወንድሟ ሚስት በየቀኑ እየደወለች «የኔ ቆንጆ» ትላታለች። ውጭ አገር ተምራ የተመለሰችው ልጇ ደግሞ ፈገግታ ከፊቷ ጠፍቶ አያውቅም።

«እማዬ፣ በጊዜ ነው የተገኘው። ማህፀንሽ ወጣ፣ በሽታውም አብሮ ወጣ። ድነሻል!»

«ከዳንኩ ያዘዙልኝ የጨረር ሕክምና ለምንድን ነው?»

«ለ... ለጥንቃቄ ነዋ።»

«ለ...» ላይ መደናቀፏ እናትየዋን እንቅልፍ ነሳት።

በዚህ ቤተሰብ ለታመመ ሰው እውነት ተነግሮት አያውቅም። ባሏ የጉበት ካንሰር ይዞት «ትንሽ ጨጓራ ነው» እየተባለ ነው የሞተው፤ ይህን ትለው የነበረችውም ሌላ ማንም ሳይሆን ራሷ ናት። ሥርዓቱን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ሐኪሙ በሽተኛውን አጽናንቶ ያስወጣዋል፤ ቤተሰብ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በሩ ይዘጋል፤ እውነቱ ያኔ ይነገራል። አሁን ከበሩ ውጭ የምትቀመጠው እሷ ሆነች።

«ጨረር የሚባል ነገር አልሄድም» አለች ቁርጥ አድርጋ። «መሞቴ ካልቀረ የስፌት መኪናዬ አጠገብ ልሙት።»

ልጅቷ ለመነቻት፤ አልሆን ሲላት አለቀሰች። ልቅሶው ጥርጣሬውን አባሰው። ለዳነ ሰው ማን ያለቅሳል?

በነጋታው ታናሽ እህቷን ጠራቻት።

«አንቺ በሽተኛ ትሆኛለሽ።»

«ምን አልሽ?»

«ከከተማው ማዶ አንዲት የካንሰር ሐኪም አለች፤ አታውቀንም። የእኔን ውጤት ይዘን እንገባለን። አንቺ ታማሚዋ ነሽ፣ እኔ እህትሽ ነኝ።»

«እህቴ ነሽ እኮ!»

«እሱን አውቀሽዋል፤ የቀረውን ለእኔ ተይው።»

«እትዬ፣ በሽታ ይዋሳሉ እንዴ? ደግሞ ይኼን የሚያህል ጉንጭ ይዤ ማን ያምነኛል?»

«አፍሽን ዘግተሽ ተቀመጪ። አንቺ ዝም ካልሽ አላመማትም የሚል የለም።»

ሐኪሟ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አውርዳ ውጤቱን አነበበች። «ደም መፍሰሱ መቼ ነበር የጀመረዎት?»

ታናሿ እህቷን አየች።

«የወር አበባዋ ከቆመ ስንት ዘመኑ! ድንገት ነው የመጣባት» አለች ልብስ ሰፊዋ ቀልጠፍ ብላ። «ሳትውል ሳታድር ነው ሐኪም ቤት የሄደችው።»

«ደግ አደረጉ። ብዙዎቹ ዝም ይሉታል። በሉ አልጋው ላይ ይውጡ፤ ቁስሉን ልየው።»

ታናሿ የሹራቧን ጫፍ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ሆዷ ላይ አንዲት ጭረት የለችም።

«ቁስሌን ለሰው አላሳይም» አለች። «እህቴ እንኳ አይታው አታውቅም።»

«አፋር ናት» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዕድሜ ልኳን ኀፍረት የሚባል ያልጎበኛትን እህቷን ላለማየት ወደ መስኮቱ እየዞረች።

ሐኪሟ አላስገደደቻትም። «አይዞዎት፣ ተስፋዎ ጥሩ ነው» ብላ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት፤ ታናሿም ወጣች። ልብስ ሰፊዋ ግን በሩን ዘግታ ቀረች።

«እሺ ዶክተር፣ አሁን ለእኔ ይንገሩኝ።»

«ነገርኳችሁ እኮ።»

«እኔ ቤተሰብ ነኝ።»

ሐኪሟ ትንሽ አየቻትና ወንበሯን ሳበች። «ካንሰሩ ከማህፀናቸው አልፎ አልተሠራጨም። እንዲህ በጊዜ ከተያዘላቸው አሥር ሴቶች፣ ዘጠኙ ወይም ከዚያ በላይ ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። ወደ ሌላ አካል ተሠራጭቶ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልልም፤ ያኔ አምስት ዓመት የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው።»

«አሥረኛዋስ?»

«አንዳንዶቹ ላይ ይመለሳል። የእህትዎ ወደ ማህፀኑ ግድግዳ ትንሽ ጠለቅ ብሏል፤ ጨረሩም የታዘዘው እዚያው አካባቢ እንዳይመለስ ነው። ከዘጠኙ ይሁኑ አሥረኛዋ ይሁኑ ግን እርግጡን አልነግርዎትም። የሚምልልዎት ካለ እየዋሸዎት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿ መለስ አለላት። ሊያባብላት የፈለገ ሰው አሥረኛዋን ዘሎ ያልፍ ነበር፤ ልጇ ዘልላ እንዳለፈቻት። ለካ ልጅቷ የደበቀቻት አሥረኛዋን ብቻ ኖሯል፤ እሷ ደግሞ አሥሩንም የደበቀቻት መስሏታል።

የበሩን እጀታ ይዛ ግን ዞር አለች። «ልጅቷ ቀድማ ደውላልዎት ነበር?»

«የቷ ልጅ?»

«ይተዉት።»

ታናሿ ኮሪደሩ ላይ ፊቷ አመድ መስሎ ጠበቀቻት።

«ምን አለችሽ?»

«ጥሩ ነው አለች።»

«አትዋሺኝ! በሩን ዘግታችሁ ይኼን ያህል ምን አወራችሁ? ደግሞ አይዞዎት ስትለኝ ዓይኔን አላየችኝም። ንገሪኝ፣ እችለዋለሁ።»

«አንቺ! በሽታው የእኔ ነው እኮ!»

«ቢሆንም!»

ተራ ጠባቂው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ልብስ ሰፊዋ ፈገግ ብላ «እውነቴን ነው፣ በጊዜ ነው የተገኘው» አለች። ታናሿ ፈገግታዋን አየችና ጭራሽ እንባዋን ዘረገፈችው።

«እሺ፣ እሺ! ከአሥር አንዷ ላይ ይመለሳል። አንዷ እኔ ልሆን እችላለሁ።»

ታናሿ ልቅሶዋን ቀጥ አደረገች። «እንደሱ በይ እንጂ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ዘጠኙስ?»

«ዘጠኙ ይኖራሉ።»

«ጥሩ ነው እኮ ታዲያ!»

ልብስ ሰፊዋ ስልኳን አውጥታ ልጇ ጋ ደወለች። «ጨረሩ መቼ ነበር የተባለው? እሄዳለሁ።» የልጅቷ የደስታ ጩኸት ጆሮዋን ሲበሳት ስልኩን አራቀችው።

«አትጩሂ። አልጨረስኩም። ከእንግዲህ ሐኪሙ ጋ አብረን እንገባለን፣ አብረን እንወጣለን። ወደ ኋላ ቀርተሽ ባገኝሽ ወዮልሽ።»