ከባሕሩ ፊት የቆመው ሰው

"አገጭህን ዝቅ፣ ትከሻህን ቀና አድርግ" አለች ዘርፈሽ ካሜራዋን ዐይኗ ላይ እንደያዘች።

ዐብዲሰላም ግን አንገቱን አስግጎ ከበሩ በላይ የተሰቀለውን ቴሌቪዥን ያያል። ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ ልብስና ጫማ እያመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ለንግድ ፈቃዱ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጥቶ ነበር።

"እትዬ ዘርፈሽ፣ ያ መላኩ አይደለም እንዴ?"

ዞር አለች። ከሞተ ሁለት ዓመት የሞላው ባሏ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ ቁልቁል እያያት ነበር። ፊቱ ዙሪያ ቀይ ክብ ተሠርቶበታል። የዜና አንባቢዋ ድምፅ ከውሃ ውስጥ እንደሚመጣ ሁሉ ርቆ ይሰማታል፦ "...በአውሮፓ የስደተኞች የሐሰት ሰነድ ምርመራ... ማንነቱ እስካሁን ያልታወቀው ይህ ሰው ከሽብር ቡድኖች ጋር ግንኙነት ሳይኖረው እንደማይቀር ተንታኞች ይገምታሉ..."

መጀመሪያ የመጣባት ፍርሃት አልነበረም። 'ፊቱ ሞላ ብሎ ነበር ያኔ' ብላ አሰበች፤ ከበሽታው በፊት ነበርና። በሕይወቱ ከድሬዳዋ አልፎ የማያውቅ ሰው በፎቶው አውሮፓ ገብቶ እየዞረ ነው። ከሩቅ አገር ደብዳቤ የጻፈላት ያህል ልቧ ሞቅ አለ። ከዚያ በኋላ ነው የዜና አንባቢዋ ቃል የገባት።

ዐብዲሰላም ፊቷን አየና ዐይኑን ሰበረ። "ተሳስቻለሁ። ሰው ከሰው ይመሳሰላል" አለ። እንደገና በደንብ ተቀምጦ አገጩን ዝቅ አደረገ። ፎቶውን ተነስቶ ሂሳቡን ከፍሎ ወጣ።

ዘርፈሽ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከኋላዋ ያለው መጋረጃ ላይ ባሕር ተሥሏል፤ ውሃው አረንጓዴ፣ ዳር ላይ ሁለት ዘንባባ። የጂጂጋ ንፋስ በበሩ ስር ሲገባ መጋረጃው ቀስ ብሎ ይንቀሳቀስና ባሕሩ የሚተነፍስ ይመስላል። ያ ፎቶ በተነሳበት ቀን መላኩም የቆመው እዚሁ ነበር።

በ2011 ነው። ጎረቤቷ ሂንዳ ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች። ባሏ ዋርፋ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከሀርሺን ከተማ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። አውሮፓ ያለው ወንድሟ የመሄጃ ጉዳይዋን ጀምሮላት ሳለ ከባሏ ጋር የተነሳችው የቤተሰብ ፎቶ ተጠየቀች። የዋርፋ ፎቶ አንድም አልነበራትም። መላኩ ጂጂጋ ተወልዶ ያደገ፣ ሶማሊኛን እንደ አማርኛ የሚናገር ልብስ ሰፊ ነበር። ቁመቱም እንደ ዋርፋ መለል ያለ። ሂንዳ የምትፈልገውን ለመናገር አፍራ መሬት መሬት ስታይ ዘርፈሽ ገባት። እንቢ ማለት አልቻለችም። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ከተማዋ በብሔር ጥቃት ስትታመስ፣ ዘርፈሽን፣ መላኩንና ልጃቸውን ቢታንያን ጓዳዋ ደብቃ፣ ሦስት ቀን በሯ ላይ የቆመችው ሂንዳ ነበረች። መላኩ ትንሿን ዐምራንን አቅፎ ቆመ። ልጅቷ ጆሮውን እየጎተተች አሳቀችው። ዘርፈሽ አነሳቻቸው። ሂንዳም ያን ፎቶ ይዛ ከልጆቿ ጋር አውሮፓ ገባች።

ዘርፈሽ ከወንበሩ ሳትነሳ ቢታንያ ከምትሠራበት ባንክ እየሮጠች መጣች። "ሱቁን ዝጊው፣ እማዬ! ሰው ሁሉ በስልኩ እያየው ነው። አባዬን አሸባሪ አሉት!"

"ማን አለ?"

"ማንም አላለም፤ 'ይገመታል' ነው የሚሉት። ግን ሁሉም ይላል።"

የዘርፈሽ ስልክ ጠራ። ሂንዳ ነበረች።

"ዘርፌ፣ አየሽው?"

"አየሁት።"

"የዋርፋ የድሮ መንጃ ፈቃድ ተገኝቶ ፊቶቹ አልገጠሙም። ሦስት ጊዜ ጠርተው መረመሩኝ። ወላሂ ስሙን ከአፌ አላወጣሁም። አንቺን ያስሩብኛል ብዬ ፈራሁ።"

"አንቺ ዝም ስላልሽ ነው እኮ እነሱ ይህን ሁሉ የሚያወሩት።"

"ብናገር ውሸቴ ይወጣል። ጠበቃዬ ግን 'በውሸቱ ቅጣት አለ፤ ሊመልሱሽም ይችላሉ። ይሄ የአሸባሪነት ወሬ ግን ልጆችሽን ዕድሜ ልካቸውን ይከተላቸዋል' ትለኛለች።" ሂንዳ ቀጠለች። "ዐምራንን ትምህርት ቤት ውስጥ አባትሽ ቦምብ የት ደበቀ ብለዋታል። አባቷን አታስታውሰውም እኮ፣ ዘርፌ። የምታውቀው የመላኩን ፊት ነው። ፎቶውን ትራሷ ስር ታደርገው ነበር።"

 ለዘርፈሽ መላኩ በማያውቀው አገር፣ በዐምራን ክፍል ውስጥ ሲስቅ ታያት። እሷ ብቻዋን ስትቀር እሱ ለካ ሌላ ቤት አባት ሆኖ ኖሯል። የተሰማት ቅናት ይሁን ደስታ አልለየችውም።

"ስሙን ስጫቸው" አለች።

"ዘርፌ..."

"መላኩ አያሌው በያቸው። እኔም በቪዲዮ ተናግሬ ለጠበቃሽ እልካለሁ።"

ስልኩን ስትዘጋ ቢታንያ እያለቀሰች ነበር። "የንግድ ፈቃድሽን ቢነጥቁሽስ? ቢከሱሽስ?"

"ሊሆን ይችላል። ነይ፣ ቅረጪኝ።"

ቢታንያ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ስልኳን አቀናች። ሰውን ሁሉ አገጭህን ዝቅ፣ ትከሻህን ቀና የምትለው ዘርፈሽ እጇን የት እንደምታደርግ ጠፋት። በመጨረሻ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው።

"ስሜ ዘርፈሽ ታደሰ ነው። በቀይ የከበባችሁት ሰው ባሌ ነው። መላኩ አያሌው ይባላል። ልብስ ሰፊ ነበር። ሂንዳ የዋሸችው ተቸግራ ነው፤ እሱም አብሯት የቆመው ልጆቿ አገር እንዲያገኙ ነው። ሌላ ምንም የለበትም።"

ቢታንያ ቀረጻውን አቆመች። "በቃ፣ እማዬ። ይሄ ይበቃቸዋል። ፎቶውን ማን እንዳነሳው የጠየቀ የለም።"

ዘርፈሽ ልጇን አየቻት። ውጭ የቶጎጫሌ ሚኒባስ ረዳት ተሳፋሪ ይጠራል።

"እንደገና ክፈቺው" አለች።

ቢታንያ ብዙ ካመነታች በኋላ ስልኩን ከፍ አደረገች።

"ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ" አለች ዘርፈሽ፤ ቀጥላም የሱቋን አድራሻ ተናገረች።